አዎና አይ ብቻ የሚል እማኝ

የተፈለጠ ድንጋይ መቼ እንደተፈለጠ አይናገርም። አፋር ውስጥ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ ጎና በሚባለው ስፍራ ከ1992 እስከ 1994 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) በተካሄደ ጥናት እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ከደለል ውስጥ ወጡ። ድንጋዩ ጠራቢው ከመወለዱ በፊትም ድንጋይ ነበር፤ የድንጋዩን ዕድሜ ማወቅ የእጅ ሥራውን ዕድሜ ማወቅ አይደለም። ሆኖም ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በ1997 ባሳተሙት ጥናት መሣሪያዎቹ ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናቸው ገለጹ፤ በጊዜው በዓለም ከሚታወቁት የድንጋይ መሣሪያዎች ሁሉ የቀደሙት እነዚህ ነበሩ። ማን ነገራቸው? እማኞቹ ሁለት ናቸው፦ አንዱ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ሌላው ደለሉ ራሱ። አመዱ ባጠራቀመው አርጎን ዓመት ስለሚናገር ከእሱ ጋር ብዙ ክርክር የለኝም። የሚከነክነኝ ሁለተኛው ነው። ጭቃ እንዴት ይመሰክራል? ቢመሰክርስ ቃሉን እስከ ምን ድረስ እንቀበለዋለን?

ወንዝ በሚያወርደው ደቃቅ አፈር ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ብናኝ አለ። ብናኙ በረጋ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰጥም እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር መግነጢስ አቅጣጫ ያዘነብላል። ሁሉም አይታዘዝም፤ ሞገድ የሚያላጋው፣ ትል የሚያገላብጠው ብዙ ነው። የሚበዛው ግን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ሌላ ጭቃ ሲጫነውና ውኃው ሲጨመቅ እንዳጋደለ ይቀራል። አቅጣጫውን የሚያዝዘው መስክ የሚመነጨው ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ከሚጀምረው የቀለጠ ብረት እንቅስቃሴ ነው። ይህ መስክ አልፎ አልፎ ይገለበጣል፤ ሰሜን ታይ የነበረች መርፌ ደቡብ ታያለች። የመጨረሻው ሙሉ ግልበጣ የሆነው ከዛሬ 770 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ተጠራጣሪው ግን እንዲህ ይለኛል፦ «ተገልብጦ የተገኘው ድንጋዩ ነው፤ ምድሪቱ መገልበጧን በምን አወቅህ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ሊቃውንቱን ግማሽ ምዕተ ዓመት አከራክሯል። ፈረንሳዊው በርናር ብሩን በ1906 ያሳተመው ግኝት ከካንታል አካባቢ የመጣ ነበር፦ በዚያ ቅልጥ ዐለቱም፣ ዐለቱ ሲፈስ ከሥሩ እንደ ሸክላ የጠበሰው ጭቃም፣ ሁለቱም ከዛሬው መስክ በተቃራኒ ያመለክታሉ። የብሩንን ብልሃት እወደዋለሁ። ጭቃና ቅልጥ ዐለት በባሕርይ አይዛመዱም፤ አብረው ቀዝቅዘው አንድ ቃል ከሰጡ ቃሉ የራሳቸው ሳይሆን የመስኩ ነው ማለት ያስኬዳል። ነገሩ ግን በዚህ አልተቋጨም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ከሃሩና ተራራ የተወሰደ ዐለት በላቦራቶሪ ሞቆ ሲቀዘቅዝ፣ ከነበረበት መስክ በተቃራኒ አቅጣጫ መግነጢስ ሲይዝ ታየ። በተፈጥሮው ሐሰተኛ የሆነ እማኝ አለ ማለት ነው። አንድ ሐሰተኛ ስለተገኘ ሁሉን እንጠርጥር?

እዚህ ላይ አውጫጭኝ ትዝ ይለኛል። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ያወጣል። የዚያ ጉባኤ ሥጋት ሰዎች አስቀድመው ተመካክረው እንዳይመጡ ነው። አለን ኮክስ፣ ሪቻርድ ዶልና ብሬንት ዳልሪምፕል ከ1963 ጀምሮ የካሊፎርኒያንና የሃዋይን ቅልጥ ዐለቶች ዕድሜ ሲለኩ፣ በዕድሜ እኩያ የሆኑት በአቅጣጫም አንድ እየሆኑ መጡ። በ1966 ደግሞ ኒል ኦፕዳይክና ባልደረቦቹ በአንታርክቲካ ዙሪያ ካለው ባሕር ወለል በተቀዳ ጭቃ ውስጥ ያንኑ ቅደም ተከተል አገኙ። የሃዋይ ዐለትና የአንታርክቲካ ጭቃ የሚመካከሩበት መንገድ የላቸውም። ዐለት በየግሉ ሊዋሽ ይችላል፤ በአንድ ዘመን፣ በመላው ዓለም፣ አንድ ዓይነት ውሸት ግን አይዋሽም። ለተጠራጣሪው ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ ሐሰተኛውን እማኝ አልክድበትም።

አሁን ደግሞ ከእማኙ ወገን ሆኜ የተሟገትኩትን ያህል ድክመቱን ላውጣ። ይህ እማኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፦ አዎ (እንደ ዛሬው) እና አይ (ተገልብጦ)። አንዱ ግልበጣ ከሌላው በመልክ አይለይም። ከገደል ላይ አንዲት ናሙና ቆርጬ «ደቡብ» ብትለኝ፣ የየትኛው ዘመን ደቡብ እንደሆነ ልታስረዳኝ አትችልም። ትርጉም ያለው በተከታታዮቹ ቃላት ርዝመትና አጭርነት ነው፦ ረጅም አዎ፣ አጭር አይ፣ ደግሞ አጭር አዎ። ዋልተር አልቫሬዝና ዊልያም ላውሪ በ1970ዎቹ ጣሊያን ውስጥ በጉቢዮ ገደል ላይ ቀዩን የኖራ ድንጋይ ደረጃ በደረጃ ያነበቡት በዚህ መንገድ ነው። ጎና ላይም ከታች «አዎ» ከላይ «አይ» የሚለው ወሰን ብቻውን ቢገኝ ከብዙዎቹ የቱ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ስም የሰጠው ዕድሜው የተለካው አመድ ነው፤ በዚህም ወሰኑ የ2.6 ሚሊዮን ዓመቱ ሆኖ ታወቀ። ደለል በዚያ ላይ ገጽ ይጥላል፤ ጎርፍ ያጠበው ዘመን ከመዝገቡ ይጎድላል። ኋላ የበቀለ የዝገት ማዕድን በቀድሞው ቃል ላይ አዲስ ቃል ይደርብበታል። ባለሙያዎች ይህን ድርብ ለማራገፍ ናሙናውን መስክ በማይደርስበት ምድጃ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያሞቁታል፤ ማግኔታይት መግነጢሱን ጨርሶ የሚለቀው 580 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እፈርዳለሁ፦ ቅደም ተከተሉን ከጭቃው፣ ዓመቱን ከአመዱ። ጭቃውን ዓመት የሚጠይቅ ሰው እማኙን ያላየውን ያስመሰክራል።

አንድ ነገር ግን ከእማኙ ሳይሆን ከእኛ ነው። የዛሬውን አቅጣጫ «ትክክለኛ»፣ ሌላውን «ግልብጥ» እንለዋለን። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረችው «ትክክለኛ» በሚባለው ዘመን ነው፤ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጎና ላይ ድንጋይ የፈለጠው ደግሞ በ«ግልብጡ» ዘመን ነው። እርሱ ኮምፓስ ቢኖረው፣ ደቡብ የምታሳየውን መርፌ እያየ ትክክል ናት ይላት ነበር። ደለሉ «ግልብጥ» ብሎ አያውቅም፤ «ወደዚህ» ነው ያለው። ስሙን የሰጠነው በአንደኛው ዘመን የተወለድን እኛ ነን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመርማሪው እጅ ነው። ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉ መርፌዋ ቁልቁል ወይም ሽቅብ ትቆማለች፤ የአንታርክቲካው ጭቃ ሲቀዳ ሰሜኑ ባይመዘገብም የላይና የታቹ መታወቅ ብቻ በቂ የሆነው ለዚህ ነው። አፋር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። እዚያ መርፌዋ ከአግድም 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምታዘነብለው፤ አዎና አይን የሚለየው በዋናነት ሰሜንና ደቡቡ ነው። ስለዚህ ናሙናው ከገደሉ ሳይላቀቅ በኮምፓስ ተለክቶ ቀስት ይሰመርበታል። ቀስቱ በመንገድ ላይ ከጠፋ ናሙናው ይጣላል።