ስለ ተከደነ ሥራ

ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁሉ የሚያየው ነው፤ ሁለተኛው ተከድኖ የሚቀር ነው። በሚታየው ሥራ ብዙ ሰው ታማኝ ሆኖ ይገኛል፤ የገበያ ዓይን ይጠብቀዋልና። የሰው ልብ የሚመረመረው ግን በተከደነው ነው። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን፥ ታናሽ መስሎ የሚታይ ነገር ግን ነፍስን የሚነካ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የአሮጌ ብስክሌት የኋላ ሞዞ ማደስ ነው።

ከአሮጌዎቹ ብስክሌቶች አንዳንዶቹ በእጅ የሚጨበጥ ፍሬን የላቸውም። ፍሬናቸው በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ ነጂው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጥ ይይዛል። በዚህ ዓይነት ከታወቁት አንዱ፥ ጀርመናዊው ኤርንስት ዛክስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. ያወጣው ቶርፔዶ የተባለው ሞዞ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ፔዳሉ ወደ ፊት ሲረገጥ፥ አጫጭር ድቡልቡል ብረቶች የሞዞውን ቅርፊት ከውስጥ ይዘው ጎማውን ያዞራሉ። እግር ሲያርፍ ይለቃሉ፤ ጎማውም ብቻውን ይሮጣል። ወደ ኋላ ሲረገጥ ግን፥ ጫፉ የሾጠጠ ብረት ወደ ጐን ተገፍቶ ስንጥቅ ያለውን የፍሬን ቀለበት ያሰፋዋል፤ ቀለበቱም ከቅርፊቱ የውስጥ ግድግዳ ጋራ እየተፋተገ ጎማውን ያቆማል።

ሞዞውን የሚያድስ ሰው ሁሉን ፈቶ በላምባ ያጥባል፤ የተበሉትን የብረት ጠጠሮች ይለውጣል፤ የፍሬኑ ቀለበት ሳስቶ ወይም እንደ መስተዋት ለስልሶ እንደ ሆነ በጣቱ ዳሶ ይመረምራል። ቀጥሎም ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀባዋል፤ ብረት ከብረት ጋራ ያለ ቅባት ሲፋተግ ይናከሳልና። ሲገጥመውም ጎማው ሳይወላወልና ሳይጠብቅ እንዲዞር ዳዶውን ያስተካክላል። በመጨረሻ የፍሬኑን ክንድ ከብስክሌቱ አካል ጋራ በቡሎን አጥብቆ ያስራል፤ ይህ ክንድ ከተፈታ ፍሬኑ የሚደገፍበት አያገኝምና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞዞው ሲዘጋ፥ በሚገባ የታደሰውና ያልታደሰው በመልክ አንድ ናቸው።

ይህ ነገር በሜዳ አገር ቢሆን ጉዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር። የምዕራብ ሐረርጌ መንገድ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው። አሰበ ተፈሪ፥ በሌላ ስሙ ጭሮ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲገኝ፥ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት ሚኤሶ ከእርሱ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ በቈላው ይገኛል። ቁልቁለት ሲረዝም በሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ ግሎ ይቀልጣል፤ የፍሬኑም ኃይል ይደክማል። ካቴናው ከወለቀማ ጨርሶ ፍሬን የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከሂርና ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ አንድ ድኻ በጭሮ ቆሞ፥ ሞዞው ይጮኻልና ግራሶ ቀባልኝ ቢል፥ ሠራተኛውም ሲከፍተው የፍሬኑን ቀለበት ፈጽሞ አልቆ ቢያገኘው፥ ድኻውም ለሌላ ቀለበት የሚሆን ገንዘብ ባይኖረው፥ ሠራተኛው ምን ማድረግ ይገባዋል?

አንዳንዱ፦ የተጠየቀው ግራሶ ነው፤ የተጠየቀውን ሠርቶ ዋጋውን ቢቀበል ምን በደል አለበት? ይላል። ይህ ክርክር በገበያ ሕግ የሚያስኬድ ይመስላል፤ በኅሊና ፊት ግን አይቆምም። ሞዞውን የከፈተ ሰው ባለቤቱ የማያውቀውን ዐውቋልና፤ ዕውቀትም ባለ ዕዳ ያደርጋል። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አንድ መስመር መዝለሉን ዐውቆ ዝም ቢል፥ አንባቢው የጐደለውን ከየት ያገኘዋል? እንዲህ ያለው ዝምታ ሐሰት ነው።

ሌላው፦ ነግሮ ይስጠው፤ ከዚያ ወዲያ ቢወድቅ በገዛ ፈቃዱ ነው ይላል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ለነጂው ተነግሮታል፤ በቁልቁለቱ ሥር መንገድ ለሚሻገረው ሕፃን፥ ሸክም ይዛ ከገበያ ለምትመለሰውም እናት ግን ማን ነገራቸው? ሰው በገዛ ሕይወቱ ቢደፍር እንኳ፥ በሌላው ሕይወት ላይ ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛው፦ አልሠራም ብሎ ይመልሰው ይላል። ይህም እጅን ያነጻ ይመስላል፤ ድኻው ግን ያንኑ ብስክሌት ይዞ ወደዚያው ቁልቁለት ይሄዳል።

ስለዚህ የሚገባው፥ እውነቱን ከተናገሩ በኋላ በአቅም መርዳት ነው። ሠራተኛው ከሌላ ብስክሌት የተረፈ የእጅ ፍሬን ቢኖረው ለፊተኛው ጎማ ይግጠምለት፤ ዋጋውንም ቡናው ሲለቀም ይቀበለው። ይህ ባይሆንለት፥ ቁልቁለቱን በእግሩ እየገፋ እንዲወርድ ቃል ያስገባው፤ ታደሰ ብሎ ግን አይስጠው።

ነገር ግን ወቀሳውን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጣል ቅን ፍርድ አይደለም። ቸርኬው ስላበራ ደስ ብሎት የሚከፍል፥ ለማይታየው ድካም ግን ሳንቲም እየቈጠረ የሚከራከር ባለ ገንዘብ፥ ሠራተኛው ላዩን ብቻ እንዲወለውል ያስተማረው እርሱ ነው። ዛሬ በየከተማው የሚሮጠው ባጃጅም ፍሬኑ ከዓይን የተሰወረ ነውና፥ ነገሩ ከአሮጌ ብስክሌት ጋራ አላረጀም።

ለሠራተኛው ግን አንድ አጭር መመርመሪያ አለው። ሞዞውን ከዘጋ በኋላ፥ የገዛ ልጁን በዚያ ብስክሌት አስቀምጦ ወደ ሚኤሶ ቁልቁለት ይሰደው እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። ልቡ እሺ ካላለ፥ ዳዶውን እንደ ገና ይፍታ።