ሰበብ ማድረስ እስከ ምን ድረስ?

በከተማችን ሆስፒታሎች ዘመዱን ሲያስታምም የሰነበተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሕመምተኛው በዕድሜ የገፋ ነው፤ ካንሰሩ ወይም የጉበት በሽታው ከተሠራጨ ቆይቷል፤ ሐኪሞቹም ለቤተሰቡ መናገር ያለባቸውን ተናግረዋል። በዚህ መሐል ትኩሳት ይነሣል። ወዲያው ማዘዣ ይጻፋል፣ ልጅየው ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይሮጣል። መጀመሪያ ሴፍትሪያክሶን ነው፤ እሱ አልይዝ ሲል ቫንኮማይሲን፣ ቀጥሎም ሜሮፔኔም። የመጨረሻው የሚገዛው ከዘመድ አዝማድ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። የተገዛው ሳያልቅም ሕመምተኛው ወደ አኼራ ይሄዳል።

አንድ የማውቃቸው አባት በዚህ ሁኔታ ሲያልፉ አይቻለሁ። ካኑላ የሚገባበት ደም ሥር ጠፍቶ ሁለቱም እጃቸው በመርፌ ብዛት ጠቁሮ ነበር። ልጆቻቸውን ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ያላቸውን ሁሉ አውጥተዋል። የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒቱ «ይቅር» ቢባል ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው። ነፍስ እንደማጥፋት ይቆጠር ይሆን? ብዙ ቤተሰብ በልቡ ይህን ይፈራል። «ሰው ምን ይለናል» የሚለውን ፍርሃት እንተወውና «አላህ (ሱ.ወ.) ይጠይቀናል» የሚለው ግን መልስ ይገባዋል።

መታከም በዲናችን የታዘዘ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን የቀደሙት ዑለማእ ተወያይተዋል፤ አብዛኞቹም እንደ ግዴታ አላዩትም። ምክንያታቸው የመድኃኒት ውጤት እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ተወኩል ሲጽፉ ሰበቦችን በሦስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል። አንደኛው እንደ ውሃ ለጥም፣ እንደ እንጀራ ለረሃብ እርግጠኛ የሆነው ነው፤ ሞት እየተፈራ ይህን መተው ተወኩል ሳይሆን ሐራም ነው። ሁለተኛው ሐኪሞች የሚያውቁት፣ ይጠቅማል ተብሎ በብዛት የሚገመተው ነው። ሦስተኛው ግምቱ የደከመ፣ ከተስፋ ብዙም የማያልፍ ነው።

እኔን የገረመኝ አንቲባዮቲክ በዚህ ሚዛን አንድ ቦታ ላይ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። የሳንባ ምች ለያዘው የሦስት ዓመት ሕፃን ፔኒስሊን ወይም አሞክሳሲሊን መስጠት ዛሬ ለተጠማ ውሃ የማቅረብ ያህል ሆኗል፤ ወላጅ ቢከለክል ይጠየቅበታል። ያው መድኃኒት አካላቱ አንድ በአንድ ሥራ እያቆሙ ላለ ሰው ሲሰጥ ግን ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይወርዳል። መድኃኒቱ አልተለወጠም፣ የሚሰጠው ሰው ሁኔታ እንጂ። «መድኃኒት እያለ እንዴት ይተዋል?» የሚለው ጥያቄ ይህን ልዩነት አያይም።

በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ የመርሳት በሽታ እጅግ የጸናባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ 42 በመቶ የሚሆኑት አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸዋል። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው አካባቢ የሳንባ ምች የተጠረጠረባቸውን ተከታተለ። መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል፤ ምቾታቸው ግን አልተሻለም።

እዚህ ላይ ሐቁን መሸሽ አይገባም። «ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ለሙእሚን አንድ ቀን የተውበት፣ የዚክር፣ ይቅር የመባባያ ቀን ነው፤ ሞትን መመኘትም ተከልክለናል። ስለዚህ ሕመምተኛው ልቦናው ካለ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጁን የሚጠብቅ ከሆነና «ሞክሩልኝ» ካለ ይሞከርለት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያቃጥለው ከሆነም መድኃኒቱ ሥቃይ ማስታገሻው ነውና ቢሰጠው እዝነት ነው። ሆኖም ይኸው መድኃኒት ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በተየሙም ተኝቶ ለመስገድ የሚታገል ሰው ጠሃራው በየሰዓቱ ሲበላሽበት ምን እንደሚሰማው ጤነኛው አይረዳውም። ትኩሳቱንም ሆነ ጭንቀቱን ማቅለል በሌላ መንገድ ይቻላል፤ ለትኩሳት ፓራሲታሞል፣ ለትንፋሽ ማጠር በልኩ የሚሰጥ ሞርፊን አለ።

ታዲያ ማን ይወስን? በሶሒሕ አል-ቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ፣ በመስጊዶቻችን ብዙም ሲነሣ የማልሰማው ሐዲስ አለ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ሳሉ ቤተሰቦቻቸው በአፋቸው ጎን በኩል መድኃኒት ሊያደርጉላቸው ሲሉ እንዳያደርጉ በምልክት ከለከሏቸው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደምትተርከው ግን ሕመምተኛ መድኃኒት ስለሚጠላ ነው ብለው ሰጧቸው። ሲሻላቸው አልከለከልኳችሁም ወይ ብለው ወቀሷቸው፤ በቦታው ካልነበሩት ከዐባስ (ረ.ዐ.) በቀር በቤቱ ያለ ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲወስድ አዘዙ። ዑለማእ ስለ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ማብራሪያ ሰጥተዋል፤ እኔም ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ነገር ግን መናገር ያቃተው ሰው በእጁ «ይቅርብኝ» ሲል «ሕመምተኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ያስወቅሳል ብል ከሐዲሱ የራቅኩ አይመስለኝም። በየአልጋው ካኑላውን የሚነቅሉ አረጋውያን «አእምሯቸው ተነክቷል» እየተባሉ እጃቸው ሲታሰር ስናይ ይህ ሐዲስ ትዝ ሊለን ይገባል።

በዘመናችን ያሉ ዑለማእም ጉዳዩን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ሕክምናውን መተው ለሞት ወይም ለአካል መጉደል የሚዳርግ ሲሆን መታከምን ግዴታ አድርጓል። ተስፋ የለውም የሚባለውን ሕመም ግን ሐኪሞች በየጊዜውና በየቦታው ባለው የሕክምና አቅምና በሕመምተኛው ሁኔታ እንዲመዝኑት ትቶ፣ መዳን ቢጠበቅም ባይጠበቅም ሕመምተኛውን መንከባከብና ሥቃዩን ማቅለል እንዳይቋረጥ አሳስቧል። የሳዑዲ ዓረቢያ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴም በ1409 ዓመተ ሂጅራ ሦስት ብቁና ታማኝ ሐኪሞች ጥቅም እንደሌለው ከተስማሙ ልብን በመሣሪያ ለመመለስ አለመሞከርን ፈቅዷል። ለመግደል ብሎ መርፌ መውጋት ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ እሱ ያለ ጥርጥር ሐራም ነው።

የአልጋ ጎረቤቱስ? መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ለሚገመቱ ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት ሆነዋል። በተጣበበ ዋርድ ውስጥ ሜሮፔኔም በዘፈቀደ በተሰጠ ቁጥር የሚተርፉት ጀርሞች በነርስ እጅና በአልጋ ብረት አድርገው ትናንት ወደ ተገላገለችው እናት መሄዳቸው አይቀርም። ይህን የምለው አዛውንቱ ለወጣቷ ሲባል ይሠዉ ለማለት አይደለም። መድኃኒቱ ለእርሳቸው ጥቅም ካለው ሐቃቸው ነው፤ ከሌለው ግን በሌላው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሚዛን ላይ ይገባል።

በተግባር የሚጎድለን አንድ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ሲሰጠን ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት ምን እንዲያደርግላቸው ነው?» ማለት አለብን። ሐኪሙም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ «ምንም አላደረጉለትም» እንዳይል ፈርቶ ነው። አፍ ማርጠብ፣ ወደ ቂብላ ማዞር፣ ሳያሰለቹ ሸሃዳን ማስታወስ፣ ገላን በንጽሕና መያዝ ግን ሁሉም ማድረግ ናቸው፤ ማዘዣም አይፈልጉም።

በኑዛዜአችን ዕዳችንን፣ አማናችንንና ከንብረታችን ሲሶውን እናሰፍራለን። አንደበታችን ሲዘጋ ሐኪሙ ማንን ይጠይቅ የሚለውን ግን ጽፎ ያስቀመጠ ሙስሊም እስካሁን አላጋጠመኝም። ወላሁ አዕለም።