ያልተነገረው ጥይት

የሶሮ ምድር ከጊምቢቹ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ማቆልቆል በሚጀምርበት ግድም ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። አባታቸው ሲሞት የተወላቸው የእንሰት ጓሮ፣ ጥቂት ከብትና አንድ ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም፣ ከኤርስታል ፋብሪካ ተገዝተው ከመጡት አንዱ ነው። ሰደፉ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ አፈሙዙ ግን አባትየው እስከሞተበት ቀን ድረስ ጥርት ያለ ነበር። አዛውንቱ ለልጆቹ ያወረሰው ሕግም አጭር ነው፦ «የተኮሰ ይጠብ፤ ያልተኮሰ ይቅባ።»

የጠመንጃው ፈቃድ በታላቁ ስም ዞረ። ታናሹም አልተከፋም።

በሰኔ ታላቁ ለጉዳይ ሆሳዕና ወርዶ ሰነበተ። እሱ በሌለበት በጎረቤት ቀበሌ የታናሹ ጓደኛ አባት ሞቱና ለቅሶ ተጠራ። ልጁ ባዶ እጁን መሄድ ከበደው። ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ፤ አባቱ በቆርቆሮ ሣጥን ካስቀመጠው የድሮ ጥይት አምስት ቆጥሮ ያዘ። ለቅሶው ላይ አምስቱንም ወደ ሰማይ ተኮሰ። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ፈቃዱ የወንድሙ መሆኑን፣ ወንድሙም እንዳልፈቀደለት አሰበ። ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ዘይት ነክሮ የአፈሙዙን ውስጥ ደጋግሞ ወለወለው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላቆመም። ከዚያ ቦታው መልሶ ሰቀለው። ውሃ አላፈላም፤ እሳት አንድዶ ውሃ ቢጥድ ሌሊት ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው ሰው ይኖራላ።

ታላቁ ተመለሰ። እንደ ልማዱ ጠመንጃውን አወረደ፣ የማቀባበያውን ብረት አውጥቶ አፈሙዙን ወደ በሩ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ አየ። ያበራል። ቀለል ያለ ዘይት ቀባና ሰቀለው። ያልተኮሰ ይቅባ ነውና ትክክል ሠራ፤ ከዚያም በየሳምንቱ እሑድ ውጭውን ይወለውላል። ሐምሌ ገባ፤ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከሠፈሩ አልለቅ አለ። ነሐሴም እንዲሁ አለፈ።

መስከረም ጠባ፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ደረሰ። ቤቱ ተጠራርጎ የበዓሉ ምግብ አተካና ሲሰናዳ ታላቁ ጠመንጃውን አወረደ። ዘንጉን ከትቶ ሲስበው ጨርቁ ቀይ ቡናማ ሆኖ ወጣ። በብርሃን ሲያየው ጥምዙ ቦይ ሁሉ ዝጓል፤ ጥይት የሚጎርስበት አፍ አጠገብ ደግሞ ብረቱ ተበልቷል።

«ማነው ዝናብ ላይ ያወጣው?» አለ ታላቁ።

«ጋሼ፣ እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ከገበያ የገዛኸው ዘይት ውሃ ይኖርበታል እንጂ» አለ ታናሹ።

ነገሩ ከረረ። ታላቁ ዘይቱን አስመረመረ፤ ታናሹ ጣሪያው ያፈሳል አለ። የአባት ንብረት ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ ከብቶቹና ጓሮው ዘንድ ደረሰ። ሚስቶቻቸው ቡና መጠራራት ተዉ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን የዘመቱ አሮጌ ወታደር ነበሩ። ሌሎቹ ወዲያው ወደ እርቁ ሊገቡ ሲሉ እሳቸው ጠመንጃው ይምጣልኝ አሉ። ጥይት አለመጉረሱን አረጋገጡና ገልበጥ አድርገው አገላበጡት። የአፈሙዙ ውጭ ንጹሕ ነው፤ ብረቱ ከእንጨቱ የሚጋጠምበት ቦታም ንጹሕ ነው። የዛገው ውስጡና የማቀባበያው ብረት ፊት ብቻ ነው፤ የሚመታው መርፌ የሚወጣበት።

«ዝናብ ከውጭ ይጀምራል» አሉ። «ይህ ከውስጥ የጀመረ ነው።» ከዚያ ሁለት ብርጭቆ፣ ጨው፣ ዘይትና ሙቅ ውሃ አስመጡ። በአንዱ ብርጭቆ ዘይት፣ በሌላው ውሃ ቀዱ፤ በሁለቱም አንዳንድ ቁንጥር ጨው ጨምረው አማሰሉና ሰዉ ሁሉ እንዲያይ መሬት ላይ አስቀመጡ። በውሃው ውስጥ ጨው የሚባል ነገር ጠፋ። በዘይቱ ውስጥ ፍሬው እንዳለ ከታች ተኛ።

«ልጄ፣ በየእሑዱ መቀባትህን አምናለሁ» አሉት ታላቁን። «የቀባኸው ግን ጨው ላይ ነው። የድሮ ጥይት ሲተኮስ ውስጡ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ደግሞ ጉም ይጠጣል። ዘይት አይፈታውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ይህ ጠመንጃ ተተኩሷል። ማን ተኮሰው ብዬ አልጠይቅም፤ ለመቅጣትም አይደለም፤ የተኮሰው ይንገረን።»

ታናሹ ተነሣ። «እኔ ነኝ፤ አምስት ጥይት። ለለቅሶ ነው» አለ።

ታላቁ እንደሚቆጣ ሁሉም ጠብቆ ነበር። እሱ ግን፣ «ብትነግረኝ ያን ዕለት ማታ ውሃ አፈላልህ ነበር» አለው።

ሌላ ፍርድ አላስፈለገም። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያ አስጣዱ። የማቀባበያው ብረት ወጣ፤ የፈላ ውሃ ጥይት በሚጎርስበት አፍ በኩል ገብቶ በአፈሙዙ እንዲወጣ፣ እንጨቱንም እንዳያርስ በጥንቃቄ ተንቆረቆረ። ውሃው ፈልቶ የሚፈሰው በከንቱ አይደለም፤ ብረቱ ሲሞቅ የቀረውን እርጥበት ራሱ ያደርቃል። የማቀባበያው ብረትም ታጠበ። ብረቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ደረቅ ጨርቅ ተመላለሰበት፤ ዘይት የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። «ነገ ክፈቱት፤ በሦስተኛውም ቀን ክፈቱት» አሉ ሽማግሌው። «ጨርቁ ቀይ ካመጣ እንደገና እጠቡ።» የተበላው ብረት አልሞላም። ዝገቱ ግን ካለበት አላለፈም።

የሽማግሌው ንግግር ከኬሚስቶች ቃል ጋር ይገጥማል። በጥይቱ ቀለህ ግርጌ መርፌው የሚመታት ትንሽ መለኮሻ አለች። በድሮ ጥይት ይህች መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ክሎሬቱ ሲነድ ኦክስጅኑን ይሰጥና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም የገበታ ጨው ወገን ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 85 ገደማ ሲደርስ ጨው ከአየር ውሃ ስቦ ይሟሟል፤ ብረቱ የሚበላው ያኔ ነው። የሶሮ ክረምት ለዚህ የተመቸ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ሰው ይህን በውሃ የማጠብ ልማድ ያጣው መሣሪያው በተሻሻለ ጊዜ መሆኑ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተተኮሰው ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። ጥቁር ባሩድ አፈሙዙን በጥላሸት ይሞላዋል፤ ያንን ጥላሸት የሚያወጣው ውሃ ነው። ቆሻሻው ስለሚታይ ባለቤቱ ሳይወድ ያጥባል፤ ሲያጥብም ጨዉ አብሮ ይሄዳል። ጭስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ አፈሙዙ ከተኩስ በኋላም ንጹሕ መሰለ። ጥቂት መወልወል በቃውና ውሃው ተተወ። በአውሮፓም በአሜሪካም ጠመንጃ በምሥጢር መዛግ ጀመረ፤ ብዙዎች የባሩዱ አሲድ ነው ብለው ያልሆነ መድኃኒት ሲፈልጉ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ማዕድን ቢሮ ኬሚስት ዊልበርት ሃፍ ጥፋቱ የመለኮሻዋ ጨው መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጨው የማይተው መለኮሻ ተስፋፋ። ሆኖም በሶቭየት ኅብረትና በሌሎችም አገሮች የድሮው ዓይነት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መመረቱ ስላልቀረ በየሣጥኑ ተቀምጦ የቆየ ጥይት ዛሬም ሊተኮስ ይችላል። ክላሽንኮቭ አፈሙዙ በክሮም ስለተለበጠ አያሳስብም የሚል ሰው አለ፤ ጋዙ የሚመለስበት ቱቦና ፒስተኑ ግን ያለ ውሃ ከቀሩ ይዝጋሉ።

ምሳሌውን ያመጣሁት ለእርቃችን ነው። ሁለት ሰው ወይም ሁለት ጎሳ ይጋጫል፤ ደም ይፈስሳል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ይቅር ለእግዜር ይባባላሉ። ማን ምን እንዳደረገ ግን በአደባባይ አይነገርም፤ ነገር እንዳይነሣ ተብሎ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ላይ ላዩ ያበራል። እንዲህ ያለው እርቅ ከክፋት የሚመጣ አይመስለኝም። ታናሹ ወንድም ክፉ አልነበረም፤ ታላቁም ሰነፍ አልነበረም። የሚነገረው ነገር እንደ ውሃው ያስፈራል፤ ብረትና ውሃ አይስማሙም ብለን ስላደግን። ዝገቱ ግን በሚቀጥለው ክረምት ከሥር በልቶ ይወጣል፤ ያኔ የምንከሰው ዘይቱንና ጣሪያውን ይሆናል።

አገራችን የእርቀ ሰላም ኮሚሽንን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ አቋቁማ ነበር፤ ኮሚሽኑ ሦስት ዓመት ሠርቶ ሕዝብ ፊት የወጣ የእውነት መዝገብ ሳይኖረን ዘመኑ አበቃ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን፣ ተጠያቂነትን፣ ካሣንና ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረትን በአንድ ላይ ይዟል። እኔ የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ ነው፤ ምሕረት ቀድሞ እውነት ከተከተለ ውሃው ከዘይቱ በኋላ መጣ ማለት ነው፤ በዘይት የተሸፈነውን ጨው ደግሞ ውሃም በቀላሉ አያገኘውም።

ለየመንደሩ ሽማግሌም ልመናዬ ያው ነው። በጉ ከመታረዱ በፊት የአድራጊው ቃል በተበዳዩ ፊት ይሰማ፤ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ እንኳ ሳይቀር። ሽማግሌው ይህን ሲጠይቅ ለመቅጣት እንዳልሆነ አስቀድሞ ይንገር፤ ታናሹን ያስነሣው ያ ቃል ነበርና። ከእርቁም በኋላ ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ፣ በወሩም የሁለቱን ወገን ደጅ ያንኳኩና የቀረ ነገር እንዳለ ይጠይቁ። ካለም እንደገና ይቀመጡ።