ጋፋትን ማን አጠፋት?

ከቦሌ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን አምሳያ አይተን እናልፋለን። የተሠራባትን መንደር ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩባት፤ የአገር ልጆችንም ሙያ አስተማሩባት። መድፉ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በሚያዝያ 1860 ንጉሡ ሲወድቁ ሥራው ቆመ፤ መንደሯም ፍርስራሽ ሆነች።

ጥፋቱ የማን ነው? ንጉሡ ባለሙያዎቹን አስገድደዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ተገዶ የሠራ ሲለቀቅ ሙያውን ይዞ ይሄዳል። ግን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ በሚሸሽ ሕዝብ መካከል ልጁን ለዚህ ሙያ የሚሰጥ ማን ነበር? ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ይሠሩ እንደነበር የምናውቀው እኛስ? ዛሬ ልጃችን «ብየዳ ልማር» ሲለን ፊታችን ከጠቆረ፣ በጋፋት መጥፋት ንጉሡን ብቻ ልንወቅስ አንችልም።