የተዋበው በርጩማና ስፍራ ያጣው ድኻ



ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ አንድ ጉባኤ ይነግረናል። ወደ ጉባኤው ሁለት ሰዎች ይገባሉ። አንዱ የወርቅ ቀለበት በጣቱ ያጠለቀና ያማረ ልብስ የለበሰ ባለጠጋ ነው፤ ሌላው ልብሱ ያደፈ ድኻ ነው። ለባለጠጋው መልካሙ መቀመጫ ይሰጠዋል፤ ድኻው ግን ወይ በዚያ እንዲቆም፥ ወይም ከሰው እግር ሥር እንዲቀመጥ ይነገረዋል (ያዕ. 2፥1-4)። ሐዋርያው ይህን የሚያደርጉትን አጥብቆ ይገሥጻቸዋል። ልብ እንበል! በዚህ ስፍራ የክርስቲያኖች እምነት የተፈተነው በጾማቸው ብዛት ወይም በጸሎታቸው ርዝመት አይደለም፤ ወንበሩን ለማን እንደ ሰጡ በማየት ነው።

ይህን ንባብ በዚህ እትም ያነሣነው ስለ ወንበር የምንነጋገርበት ጉዳይ ስላለን ነው። በዓለም በብዙ ከተሞች የተለመደ አንድ መልካም የበጎ አድራጎት መንገድ አለ፤ የአካባቢው ሠዓልያን ወንበርን፥ ጠረጴዛን፥ ሣጥንንና የመሳሰለውን የቤት ዕቃ በየእጃቸው ጥበብ ያስጌጡታል፤ ዕቃው በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለችግረኞች መርጃ ይውላል። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 ሠዓልያን ያስጌጧቸው ከ300 የሚበልጡ የላም ምስሎች በየአደባባዩ ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በዚያው ከተማ ተራው የቤት ዕቃ ሆነና፥ በሠዓልያን እጅ የተዋቡ ሶፋዎችና ወንበሮች በመንገድ ዳር ተደርድረው ለሕዝብ ታዩ። የሁለቱም ዓመታት ሥራዎች በኋላ በጨረታ ተሸጠው ገቢያቸው ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ነገሩ ለእኛም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በአገራችን በበዓላት ቀን ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ያመጡት ጥላ፥ ምንጣፍ ወይም ሻማ በጨረታ ሲቀርብ፥ አንዱ በብዙ ዋጋ ገዝቶ መልሶ ሲሰጠው፥ ሌላውም እንደ ገና ሲገዛው አይተናል። የሚፈለገው ዕቃው አይደለምና፥ ዕቃው የልብን ፍቅር የሚያሳይ ምክንያት ብቻ ይሆናል።

የእጅ ጥበብን ለእግዚአብሔር ክብርና ለሰው ጥቅም ማዋል ከጥንት የመጣ ቅዱስ ሥራ ነው። እግዚአብሔር በምድረ በዳ ለሕዝቡ ድንኳን እንዲሠራ ሙሴን ባዘዘው ጊዜ፥ ከይሁዳ ነገድ የሆነውን ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ ሞላው (ዘጸ. 31፥1-5)። መንፈስ የተሰጠው ግን ትንቢት እንዲናገር ወይም ጦር እንዲመራ አልነበረም፤ ወርቁን፥ ናሱንና እንጨቱን እንዲያበጅ ነበር። ከዳን ነገድም ኤልያብ ረዳት ሆኖ ተሰጠው። እነዚህ ሰዎች ካበጇቸው ዕቃዎች አንዱ የኅብስቱ ገበታ ነው፤ ከግራር እንጨት የተሠራ፥ ርዝመቱ 2 ክንድ፥ ወርዱ 1 ክንድ፥ ከፍታውም 1 ክንድ ተኩል የሆነ ጠረጴዛ (ዘጸ. 25፥23)። ግራርን እኛም እናውቀዋለን፤ በደረቅ ምድር የሚበቅል እሾሃም ዛፍ ነው። እግዚአብሔር ለቅድስናው ማደሪያ የመረጠው እንጨት እርሱ ነበር። ሕዝቡም ለሥራው የሚያስፈልገውን በየማለዳው ሲያመጣ፥ ከሚበቃው በላይ ሆነና ሙሴ ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ እስከ ማወጅ ደረሰ (ዘጸ. 36፥5-7)።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1999 የትንሣኤ በዓል ዕለት ለሠዓልያንና ለጥበብ ሰዎች ሁሉ በጻፉት መልእክት፥ ሰው በእጁ ሥራ የፈጣሪውን መልክ እንደሚያንጸባርቅ አስተምረዋል። ሁሉም ሰው ሠዓሊ ለመሆን ባይጠራም፥ እያንዳንዱ የገዛ ሕይወቱን መልካም ሥራ አድርጎ እንዲያበጅ አደራ ተሰጥቶታል ብለዋል። እንግዲህ ሠዓሊው በርጩማ ላይ ቀለም ሲቀባ፥ ጠራቢውም ግንዱን ሲፈለፍል፥ ሁለቱም በዚህ አደራ ውስጥ ናቸው።

ይሁን እንጂ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህ መልካም ሥራ ውስጥ የደረሰብንን ስሕተት ልንሰውራችሁ አንወድም። ሌላው እንዲማርበት እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቁምስና የሚገኙትን ችግረኞች ለመርዳት አስበን ይህንኑ መንገድ ሞከርን። በገበያ በርጩማ ከሚሸጡ አንድ አረጋዊ ጠራቢ ዘንድ ሄደን ስድስት በርጩማዎችን መረጥን። የጠየቁን ዋጋ ብዙ አልነበረም፤ እኛ ግን ተከራከርናቸው። «አባባ፥ ለድኾች መርጃ እኮ ነው፤ ይቀንሱልን» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ለድኻማ ከሆነ ውሰዱት፥ ልጆቼ» ብለው ባልነው ዋጋ ሰጡን። የለበሱት ጋቢ መተርተሩን፥ ጫማቸውም የተቀደደ መሆኑን ዓይናችን አይቷል፤ ልባችን ግን አላየም።

የአካባቢያችን ሠዓልያን ምሽታቸውን ሠውተው ደከሙ። አንዱ የቃና ዘገሊላን ሠርግ፥ ሌላዋ የቡና ሥነ ሥርዓትን፥ ሌላውም የጎረቤቱን ልጆች ሣለ። የጨረታው ቀን ሲደርስ አዳራሹ በእንግዶች ተሞላ። ከስድስቱ በርጩማዎች አንዱ ብቻ ለስድስቱ ከከፈልነው የሚበልጥ ዋጋ አወጣ፤ ጭብጨባውም አዳራሹን አናወጠው። በዚያች ሰዓት አረጋዊው ጠራቢ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። የሥራቸውን ፍጻሜ ለማየት መጥተው ኖሯል። ባለጠጋ እንግዳ በገባ ቁጥር «ኖር» እያልን ስንነሣ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ከመካከላችን «አባባ፥ እዚህ ይቀመጡ» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ጥቂት ቆመው ሄዱ። ለድኾች የሚሆነውን ገንዘብ ከድኻ ላይ ቀንሰን እንደ ጀመርን የገባን ማታ ሒሳቡን ስንዘጋ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሚገባቸውን ዋጋ ይዘን ሄድንና ይቅርታ ጠየቅናቸው። ገንዘቡን ተቀበሉን፤ ነገር ግን እንዲህ አሉን፦ «እኔስ ገንዘብ ብዬ አልመጣሁም ነበር፤ ከቀለሙ ሥር የእጄን ሥራ ልየው ብዬ ነው።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ይህ በደል የአንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ጥልቅ ነው። በአገራችን ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ጠራቢው በእጃቸው ሥራ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ስለ በዛ ነው። መቀመጫችንን የሠራልን ሰው አብሮን እንዳይቀመጥ የተከለከለበት ስፍራ ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያደረግን ሰዎች ግን በየእሑዱ የምንሰግደው የናዝሬት ሰዎች ጸራቢው ብለው በናቁት ጌታ ፊት ነው (ማር. 6፥3)!

እንግዲህ ምን እናድርግ? በጅማ አካባቢ የሚሠራውን፥ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ እናስብ። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ይናጋል፤ ባለ ሦስቱ ግን በየትኛውም ስፍራ ጸንቶ ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ ከተሰበረ ግን የተቀመጠው ይወድቃል። ነቢዩ ሚክያስ እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች ይቈጥርልናል፤ እነርሱም ፍትሕ፥ ምሕረትና ትሕትና ናቸው (ሚክ. 6፥8)። በጎ አድራጎታችን በእነዚህ ሦስት እግሮች ላይ ይቁም።

የመጀመሪያው እግር ፍትሕ ነው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር በደነገገው ሰነድ፥ በፍትሕ ልንከፍለው የሚገባንን ዕዳ የፍቅር ስጦታ አስመስለን እንዳናቀርብ ያስጠነቅቀናል። ከዚያም አስቀድሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሠራተኛ ተገቢ ደመወዝ መክፈል ከባድ ግዴታ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ለድኾች ገንዘብ ስናሰባስብ አስቀድመን የጠራቢውን ዋጋ ሳንከራከር እንክፈል። ሠዓሊውም ጉልበቱን በነጻ የሚሰጠው ወድዶ ይሁን እንጂ እምቢ ማለት አፍሮ አይሁን፤ ቀለሙን እንኳ ከልጆቹ ጕሮሮ ነጥቆ የሚገዛ ሠዓሊ አለና። በዕቃው ላይ የሠዓሊው ስም ሲጻፍ የጠራቢውም ስም አብሮ ይጻፍ።

ሁለተኛው እግር ምሕረት ነው። በጨረታ ያማረ ወንበር የገዛ ሰው መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን ወንበሩን ወደ ቤቱ ይዞት እንደሚሄድ አይርሳ። ጌታችን በቤተ መቅደሱ መዝገብ ፊት ተቀምጦ ባለጠጎች ብዙ ሲጥሉ አይቷል፤ ያመሰገነው ግን ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነው (ማር. 12፥41-44)። እርስዋ በምትኩ ይዛው የተመለሰችው ዕቃ አልነበረም። እንግዲህ ጨረታው የምጽዋታችን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሁን። የገዛነው በርጩማ በሳሎናችን ተቀምጦ በየዕለቱ፥ «ዛሬስ ለማን አሰብህ?» ብሎ ይጠይቀን።

ሦስተኛው እግር ትሕትና ነው። ጌታችን ወደ ግብዣ የተጠራ ሰው የከበሬታውን ስፍራ እንዳይመርጥ፥ ግብዣም የሚያደርግ ሰው ብድሩን ሊመልሱለት የማይችሉትን ድኾችንና ጕዳተኞችን እንዲጠራ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥7-14)። ለእነርሱ እንዲላክላቸው አላለም፤ እንዲጠሩ ነው ያለው። እኛ ብዙ ጊዜ ድኻውን በሌለበት እንረዳዋለን፤ ስለ እርሱ በተሰበሰብንበት አዳራሽ ውስጥ እርሱ ብቻ ይጐድላል። የአገራችን ሰው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል። ፍትፍቱን ልከን ፊታችንን ብንነሣው ምን ሰጠነው?

ስለዚህ ወደ ፊት በየቁምስናችን እንዲህ ያለ ጨረታ ሲዘጋጅ አንድ ነገር እንለምናለን። ወንበሮቹ ከመሸጣቸው በፊት ከሚረዱት ወገኖቻችን የወደዱት ይጋበዙ፤ በእነዚያ በተዋቡት ወንበሮችም ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት እነርሱ ይሁኑ። ይህም ለፎቶግራፍ ወይም ለገዢዎች ማባበያ ሳይሆን አብረን ቡና ለመጠጣት ይሁን። ሲገቡም «ኖር» ብለን እንነሣ። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው፤ ወንበርና መንበር የምንላቸውም ቃላት ከዚሁ የተገኙ ናቸው። በመሠዊያው ላይ መንበረ ታቦቱን በክብር የምናቆም፥ ሥጋውንና ደሙን በዚያ የምንቀበል እኛ፥ የክርስቶስ ታናናሽ ወንድሞች ለተባሉት ድኾች የእንጨት መቀመጫ ልንነፍግ አንችልም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ እኛ ለድኻው ከመነሣታችን በፊት ጌታ ለእኛ ተነሥቷል። በዚያች ምሽት ከማዕድ ተነሥቶ፥ ልብሱን አኑሮ፥ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥4-5)። ከዚያም በአባቱ ቤት ስፍራ ሊያዘጋጅልን እንደሚሄድ ነገረን (ዮሐ. 14፥2)። በናዝሬት እንጨት ሲጠርብ ያደገው ጌታ ዛሬም ስፍራ በማዘጋጀት ላይ ነው። በዚያ በተዘጋጀልን ስፍራ ከእኛ አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ምናልባት በበር ቆሞ አይተነው ዝም ያልነው ሰው ይሆናል።

ጸራቢ ተብሎ የተናቀው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የጠራቢዎችንና የሠዓልያንን እጅ ይባርክ፤ የሚሰጡትን ያብዛላቸው፤ የተቀበሉትንም ያጽናናቸው። ለእኛም ለወንድማችን ስፍራ የሚለቅቅ ልብ ይስጠን። ጸጋውና ሰላሙ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።