ሙሾና ፉከራ፦ ስለ አንድ ሕዝብ ሐዘንና ስለ ቁጣ ዜማ

ወጣቶቻችን ከሚያዳምጡአቸው የውጭ አገር ዜማዎች መካከል «ሄቪ ሜታል» የሚባለው ለብዙ ወላጆች ከሁሉ የከበደ ሆኖ ይታያቸዋል። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ያጓራል፤ ከበሮው ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ዘፋኙም ይጮኻል። «ይህ ጩኸት ለነፍስ ምን ይፈይዳል?» ተብለን የተጠየቅንባቸው ጊዜያት ጥቂቶች አይደሉም። እኛም በችኮላ ከመፍረድ ይልቅ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይዘን፣ ከበስተኋላው ያለውን የግብረ ገብ ጥያቄ መመርመርን መረጥን። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የወገኑ እልቂት ያንገበገበው ሰው በቁጣ ሊጮኽ ይገባዋልን? ቢገባውስ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

ምሳሌያችን «ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን» የተባለው የሙዚቃ ጓድ ነው። ጓዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ዘፋኙ ሰርጅ ታንኪያንና ከበሮ መቺው ጆን ዶልማያን በቤይሩት፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሻቮ ኦዳጂያን በየሬቫን፣ ጊታር ተጫዋቹ ዳሮን ማላኪያን ደግሞ በሆሊውድ ተወለዱ። አራቱም ግን የአርመን ልጆች፣ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

ኤፕሪል 24 ቀን 1915 በኦቶማን መንግሥት መናገሻ በቍስጥንጥንያ የአርመን ምሁራንና መሪዎች ተለቅመው ታሰሩ። ከነዚህ አንዱ ኮሚታስ የተባለው መነኵሴ ካህንና የዜማ ሊቅ ነበር። በየመንደሩ እየዞረ የሕዝቡን ዜማ የሰበሰበው ይህ ሰው ከግዞት በሕይወት ቢመለስም አእምሮው ታወከ፤ በ1935 ፓሪስ ውስጥ እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ወደ ሥራው አልተመለሰም። ሕዝቡ ከየቀየው ተነቅሎ ወደ ሶርያ በረሓ ተነዳ፤ ያለቀውም እስከ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የቱርክ መንግሥት ግን ድርጊቱን «የዘር ማጥፋት» ብሎ ለመጥራት እስከ ዛሬ ፈቃደኛ አልሆነም።

ይህ ሐዘን ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባለው የማርሽ ባንድ ከነርሱ ተቋቋመ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ደረሰ። ወላጆቻቸውን በሰይፍና በረኃብ ያጡ ሕፃናት ለእኛ የደስታ ዜማ ነፉልን። ኮሚታስን ዝም ያሰኘው ሐዘን በነርሱ መለከት ሆነ፤ በካሊፎርኒያዎቹ ልጆች ደግሞ ጩኸት ሆነ።

ጓዱ በ1998 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም የሚዘጋው ስለዚህ እልቂት በተዘፈነ ዘፈን ነው። ርእሱ ከመነሻ ፊደላት የተሠራ ሲሆን ገዳዮቹን ውሸታምና ፈሪ ይላቸዋል። ዘፈኑ ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላከራከረን። ነገር ግን የሚጠይቀው ነገር አለው፤ ጥፋቱ እንዲታመንና ካሣ እንዲከፈል ይጠይቃል። የንስሓን ሥርዓት የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች ለእያንዳንዱ ኃጢአተኛ እንደሚያስፈልጉ ሁሉ ለመንግሥታትም ያስፈልጋሉ።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። የወጋው «አልወጋሁም» ሲል ደግሞ ቁስሉ ዕለት ዕለት ይታደሳል። ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ኤፕሪል 12 ቀን 2015 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስለ አርመን ሰማዕታት መቶኛ ዓመት ቅዳሴ በቀደሱ ጊዜ፣ ክፋትን መሸሸግና መካድ የሚደማን ቁስል ሳያስሩ እንደ መተው መሆኑን ተናግረዋል። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም በአእምሮ የሚገዛ ቁጣ በጎ ሊሆን እንደሚችል፣ ሊቈጡ በሚገባ ጊዜ አለመቈጣትም ጥፋት እንደሚሆን ያስተምራል። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የ1998ቱን ጩኸት ልናወግዘው አንችልም፤ ሙሾ ነውና፤ ምስክርነትም ነውና።

ኤፕሪል 23 ቀን 2015 በአርመን ምድር ሁለት ድምፆች ተሰሙ። በኤጭሚያጺን የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን በእልቂቱ ያለቁትን ሁሉ ከቅዱሳን ጋር ቈጠረች፤ ደወሎችም ተደወሉ። በዚያው ቀን ምሽት በየሬቫን በሪፑብሊክ አደባባይ፣ በዝናብ መካከል፣ ይህ ጓድ ለሕዝቡ ያለ ክፍያ ተጫወተ። አንዱ ድምፅ ሙታንን አከበረ፤ ሌላው ሕያዋንን ቀሰቀሰ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይመስለንም።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2020 በናጎርኖ ካራባኽ ምክንያት በአርመኖችና በአዘርባጃን መካከል ጦርነት ተነሣ። ለ15 ዓመታት አዲስ ዘፈን ያላወጡትና በፖለቲካ አስተሳሰብ የተለያዩት አራቱ ሰዎች ልዩነታቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ ኖቬምበር 6 ቀን ሁለት ዘፈኖች አወጡ፤ ገቢውንም ለተጐዱት ርዳታ አዋሉት። የአንደኛው ርእስ ምድሪቱን ጠብቁ የሚል ነው፤ የሁለተኛው ርእስ ግን ዘር አጥፊዎቹን «ሰው መሰል» ፍጥረቶች ብሎ ይጠራል።

እዚህ ላይ ቆም ልንል ግድ ነው። ሙሾ የሞተውን ይጠራል፤ ፉከራ የሚገደለውን ይጠራል። በአገራችን ሁለቱ ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደሆኑ፣ ለቅሶ ቤት የተጀመረው ግጥም በቀረርቶ የሚያልቅበት ጊዜ እንዳለ አንባብያን ያውቃሉ። በእርግጥ ቤቱ እየተቃጠለበት ያለ ሰው ቃሉን ይመዝን ዘንድ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው። በ2023 ከ100,000 በላይ አርመኖች ካራባኽን ጥለው መሰደዳቸውን ስናስብ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም ለማለት እንገደዳለን።

ቢሆንም «ሰው አይደለም» የሚለው ቃል የተበዳዩን ክስ ራሱን ያፈርሰዋል። ተኵላ በጉን ቢበላ ማንም ኑዛዜ አይጠይቀውም፤ ካሣም አይቈርጥበትም። ይቅርታ ጠይቅ፣ እመን፣ ካስ የሚባለው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ የ1998ቱ ጥያቄ የቆመው የ2020ው ርእስ በሚክደው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ገዳዩም ሰው መሆኑና ሌላውን መንገድ ሊመርጥ ይችል እንደነበር ነው። ለዚህም ምስክር አለን፤ የሐለብና የቆንያ አገረ ገዥ የነበረው ሜህመድ ጀላል ቤይ፣ ቱርክና የኦቶማን ሹም ሆኖ ሳለ፣ አርመኖችን አላሳድድም ብሎ ሹመቱን አጣ። እርሱ «እምቢ» ማለት ከቻለ የታዘዙት ሁሉ ሊሉት ይችሉ ነበር፤ በደላቸውም የከበደው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ዘፈን ይዞ ቢመጣ ድምፁ ስለጮኸ ብቻ አንመልሰው። ይልቁንስ አብረነው እንጠይቅ፦ ይህ ዘፈን ለማን ያለቅሳል? ከበዳዩስ የሚፈልገው ምንድን ነው፤ እውነትን ነውን ወይስ ደሙን? በየለቅሶ ቤታችን የሚወርደውንም ግጥም በዚሁ ጥያቄ እንመርምረው። በቅርብ ዓመታት ብዙ ያለቀስን እኛ፣ ከአርመኖቹ ልጆች ሙሾአቸውን እንማር፤ ፉከራው ግን በእኛም አፍ እንዳለ አንርሳ።