ላጲስ የማይደርስበት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀት ሲሰጥ የመልሱ ክብ በእርሳስ ይጠቁራል፤ ሐሳቡን ለቀየረ ተፈታኝ ደግሞ ላጲስ አለለት። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ያለ ተማሪ እርሳስ ሲመርጥ ታዲያ የማይስማሙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይፈልጋል፦ በደንብ የሚጠቁር፣ ሲያስፈልግም በደንብ የሚጠፋ። በሜካኒካል እርሳስ የሚጽፍማ የሊዱን ውፍረትና ጥንካሬ ለይቶ መግዛት አለበት።

ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 ግራፋይትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በመተኮስ የእርሳስን ጥንካሬ እንደ ልብ መመጠን እንደሚቻል አሳየ። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል። ለ0.5 እና ለ0.7 ሚሊ ሜትር ቀጫጭን ሊዶች ግን ሸክላው ቶሎ ተሰባሪ ሆነ፤ በእሱ ፋንታ ፖሊመር ገባ።

ጥንካሬው የሚያመጣው ነገር ከላይ እንደሚታየው አይደለም። ጠንካራው ኤች ፈዛዛ ነው፤ ሆኖም ተጭነው ሲጽፉበት ወረቀቱን ይሰረጉዳል፤ ላጲሱ ጥቁረቱን ቢያነሣም ስርጉዱ ይቀራል። ለስላሳው ቢ ደማቅ ነው፣ እጅም ያቆሽሻል፤ ግን ካልተጫኑት ከወረቀቱ ላይ ላዩን ስለሚያርፍ ስርጉድ ሳይተው ይነሣል። በጉልህ የታየው ይጠፋል፣ እምብዛም ያልታየው ይከርማል።

ማሽን ይህን አያውቅም። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው 805 የተባለው የፈተና ማረሚያ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ተጠቅሞ መልስ ይለይ ነበር፤ በኋላ የመጡት የሚያነቡት በብርሃን ነው። ሁለቱም ፍርዳቸው በቀረው ግራፋይት ላይ ነው። ስለዚህ ለተፈታኝ የሚሻለው ኤችቢ ወይም ቢ፣ ውፍረቱም 0.7 ወይም 0.9 የሆነ ሊድ ነው፦ ሳይጫኑት ይጠቁራል፣ ከ0.5 ይልቅ ስብራት ይችላል። ሜካኒካል እርሳስ መግባቱን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ በጃፓን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መልስ የሚጠቆረው በተራ እርሳስ ብቻ ነው።

ሰው ግን ስርጉዱንም ያነባል። ብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ቀለሙን በቢላ ይፍቃል፤ ቆዳው በዚያ ቦታ ይሳሳል፣ መጽሐፉም ከነፋቁ ይቀደስበታል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ደግሞ ጽሑፍ ሁሉ ነጥብ ነው፤ ያለ ቦታዋ የወጣች የብሬል ነጥብ በጥፍር ተጨፍልቃ ብትስተካከልም የለመደ ጣት ሊደርስባት ይችላል። እዚህ ላይ የቆየው ጥያቄ ይነሣል፦ ይቅር የተባለ በደል እንደ ምን ይጠፋል? ማሽኑ እንደሚያየው ጥቁረቱ ብቻ፣ ወይስ ጣት የሚያገኘውም ጭምር?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ ባሪያነታቸውን ያመኑበት የዕዳ ደብዳቤ በድንጋይ ተቀርጾ አንዱ በዮርዳኖስ፣ ሌላው በሲኦል ተቀምጦ ነበር። የዮርዳኖሱ በጥምቀት፣ የሲኦሉ በስቅለት ዕለት ተደመሰሰ። ትምህርቱ በደልን ላዩ ላይ እንዳረፈ ቀለም ሳይሆን እንደ ቅርጽ ነው የሚያየው። ቅርጽን ላጲስ አይነካውም፤ ቢላም ቢፍቀው ድንጋዩን ያሳሳዋል እንጂ ፋቁን አያጠፋም። በዮርዳኖስ ውስጥ እንደ ሰም ቀለጠ የሚባለውም ፊደሉ ለብቻው ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ጣት የሚዳብሰው ገጽ አልቀረም።